በቅሎ መራጩና ሦስቱ ሞተሮች

ልጄ የሺ በስሜ ጠራችኝ። «ፈንታነሽ መጣች!» አለች በሩ ላይ ቆማ፣ እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት ያየች ይመስል። አራት ዓመቷ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ከጉና ሥር ካለው ክሊኒክ ተነሥቼ፣ ግማሹን መንገድ በእግሬ፣ ግማሹን ገብስ በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ደብረ ታቦር መግባቴ ነው። «እማ በይ እንጂ!» ብላት ዓይኗን አፍጣ አየችኝና ሮጣ አያቷ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀች። እማ የምትለው እሳቸውን ነው። እኔን ደግሞ እሳቸው በሚጠሩኝ ትጠራኛለች። የሰማችውን ነው የምትለው፤ ልጅ ምን ታውቃለች?

ጤና ረዳት ነኝ። ክሊኒኩ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከደብረ ታቦር ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን መኪና የሚገኘው ባለመኪናው ደስ ሲለው ነው፤ በእግር ደርሶ መልስ ደግሞ አይታሰብም። ስለዚህ ሰኞ ማለዳ እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ባሌ ወርቁ እዚሁ ከተማ መምህር ነው። ደግ ሰው ነው፤ ቁጣ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ የሁለታችንንም ድርሻ የምቆጣው እኔ ነኝ። የሺን የሚይዙልን እናቱ እማማ ወለተጊዮርጊስ ናቸው፤ ለእኛ ብለው አገራቸውን እብናትን ትተው ነው የመጡት።

የዚያን ቀን ማታ እማማ እራት ከተነሣ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፈንታነሽ፣ ልጄ፣ እንግዲህ እኔም አርጅቻለሁ። ጥምቀትን እውልና ወደ አገሬ እመለሳለሁ። የሺንም ይዣት እሄዳለሁ።»

«የት ነው ይዘዋት የሚሄዱት?»

«እብናት ነዋ! ወርቁ ቀን ትምህርት ቤት ነው፣ ማታ መሠረተ ትምህርት ያስተምራል። አንች በሳምንት አንዴ ብቅ ትያለሽ። ልጅ በሳምንት አንዴ አያድግም።»

ክፋት የለባቸውም። ያ ነው ያበገነኝ፤ ክፉ ቢሆኑ ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። ወርቁን አየሁት፤ ወርቁ ጣሪያውን ያያል።

«ማታ ማታ ቤቴ ብገባስ?» አልሁ።

«እሱማ ከሆነ እኔ ምን ቸገረኝ፤ ቀን ቀን እጠብቃታለሁ። ግን በምን ትገቢያለሽ? ክንፍ አውጥተሽ?»

«በሞተር።»

እማማ ጥቂት አሰቡና ፊታቸው ፈካ አለ። «ወርቁ ሊያመላልስሽ? እሰይ የኔ ልጅ! እንዲህ ነው ባል!»

ወርቁ ሞተር መንዳት ይቅርና ሞተር ሲነሣ ጆሮውን የሚይዝ ሰው ነው። የምነዳው እኔ ነኝ። ጎንደር ለሥልጠና ሳለሁ ወንድሜ እሸቴ አዘዞ ይሠራ ነበር፤ እሑድ እሑድ ሜዳ ላይ በራሱ ሞተር አለማመደኝ። ወድቄ ጉልበቴ ተልጧል፣ ቀሚሴ ተቀዷል፤ ግን ወደድሁት። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ከዓለም ጋር የታረቅሁ ይመስለኛል። ይህን ለአማት እንዴት ብለሽ ትናገሪያለሽ? ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ ሞተር ላይ! ቀበሌው በየሳምንቱ ሰብስቦ ስለ ሴቶች እኩልነት ይነግረናል፤ ሰብሳቢው ራሱ ሚስቱን ከጓሮ አልፋ እንድትሄድ አይፈቅድም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልሁ። ወርቁም አላረማቸውም።

በዚያን ጊዜ አድማሱ የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ብስክሌትና ሞተር የሚጠግንበት ጋራዥ ነበረው፤ ከግቢው ውስጥ ደግሞ ያገለገሉ ሦስት ሞተሮች ለሽያጭ ቆመዋል። በበነጋው ሄጄ አየኋቸው። አንዷ ጥቁር ናት፤ ረጅም፣ ከባድ፣ ድምፅዋ የጎረምሳ። ሁለተኛዋ ቀይ ናት። እሷን እንዴት ልንገራችሁ? የመንገድ ሥራ ፎርማን ይነዳት ነበር አሉ፤ ወገቧ ቀጠን ያለ፣ የነዳጅ መያዣዋ የሚያብለጨልጭ፣ ቆማ እንኳ የምትሮጥ የምትመስል። ሦስተኛዋ ሰማያዊ ነበረች ማለት ይሻላል፤ ቀለሟ አልቆ፣ መቀመጫዋ በላስቲክ ተጣፍቶ፣ ከሁለቱ አጠገብ ስትቆም የተወለደች ዕለት ያልጠባች ውርንጭላ ትመስላለች።

«ለወርቁ ነው?» አለኝ አድማሱ።

«ለቤት ነው» አልሁት፤ ዓይኔ ግን ቀይዋ ላይ ነበር።

ዕቁብ ወጥቶልኝ ነበርና የገንዘቡ ነገር እዚህ ላይ ይብቃ። ዋናው ችግር እማማ ናቸው። «አያ ዘውገ ሳያዩዋት አንዲት ነገር እንዳትገዙ» አሉን። አያ ዘውገ የእማማ የአጎት ልጅ ናቸው፤ በፋርጣ አገር በቅሎ የሚገዛ ሰው ሁሉ እሳቸውን ሳይዝ ገበያ አይወርድም። ቄሱም፣ መሪጌታውም፣ ባለ ሱቁም እሳቸው በመረጧት ላይ ነው የሚቀመጠው። «በቅሎና ሞተር ምን አገናኛቸው?» ብዬ ላፈነዳው ነበር፤ ወርቁ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ደግ ሰው ነው፣ ግን ይረግጣል።

ሽማግሌው በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ መጡ፤ በትራቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። አድማሱ ጋራዥ ገብተው ሦስቱንም ዞረው ዞረው አዩና «ምን ትበላለች?» አሉ።

«ቤንዚን ናት የምትጠጣው፣ አያ ዘውገ» አለ አድማሱ።

«ሣርስ?»

«ኧረ የለም!»

«ይህስ ጥሩ ነው፤ ለእረኛ አትዳርግም።» ቀጠሉና «ጥርሷን አሳየኝ» አሉ። አድማሱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ካቴናው የሚዞርበትን ጥርሳም ብረት አሳያቸው። በጣታቸው ዳሰሱት። የጥቁሯንና የቀይዋን አደነቁ። ወደ ትንሿ ሲደርሱ ግን የተጣፈውን መቀመጫ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጀርባዋ ተልጧል። ጀርባዋ የተላጠ እንስሳ አልመርጥም።»

«ላስቲክ እኮ ነው!» አለ አድማሱ። «ሞተሯ ደህና ናት፤ እኔ ራሴ ነኝ የገጣጠምኋት። ልቧ ከአንዷ፣ ጎማዋ ከሌላዋ ነው እንጂ...»

«አዬ! በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ብለው ሽማግሌው ሳቁና አለፏት። ከዚያ ዞር ብለው «የቤቱ ጌታ፣ ወዲህ ና! ክንድህን ዘርጋ» አሉ።

የአገራችን ሰው እርካብ የሚለካው በክንድ ነው። ጣትህ ኮርቻውን ሲነካ እርካቡ ብብትህ ሥር ከደረሰ በቅሎዋ ላይ ተመቻችተህ ትቀመጣለህ። አያ ዘውገ በበትራቸው የወርቁን ክንድ ከብብቱ እስከ ጣቱ ጫፍ ለኩ፤ በትሩም ላይ በጥፍራቸው ምልክት አደረጉ። ወርቁ መለሎ ነው፤ ክንዱ የመስቀል ደመራ እንጨት ያህላል። ወርቁ እኔን ያያል፤ እኔ መሬቱን አያለሁ። አሁን ተናገሪ፣ ተናገሪ ይለኛል ልቤ፤ ሽማግሌ ጠርተሽ አስቸግረሽ፣ በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ይባላል እንዴ? ይሉኝታ ምላሴን ያዘኝ።

በትራቸውን ይዘው ከሞተሮቹ ጎን እየቆሙ መቀመጫቸው ከመሬት ያለውን ከፍታ ለኩና «ጥቁሯ!» አሉ። «ልክህ እሷ ናት። ነገር ግን በቅሎ ገበያ ላይ አትመረጥም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ መንገዷ ላይ እናያታለን። አድማሱ፣ ሦስቱንም አምጣ፤ ጥቁሯ ከሌሎቹ ጋር ስትወዳደር ትታየኝ።»

ያን ሌሊት ወርቁን «ንገራቸው» አልሁት። «አንች ንገሪያቸው» አለኝ። «አንተ ወንድ ነህ» አልሁት። «አንች ነጂዋ ነሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስለዚህ የበለጠ ተናደድሁ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ጉና አቅጣጫ ዳገቱን ከሚጀምርበት ላይ ተሰበሰብን። አድማሱ ሞተሮቹን አንድ በአንድ እየነዳ አምጥቶ አሰልፏቸዋል። እማማም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ የሺን አዝለው መጡ። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ መልበሴን ያወቀ የለም።

«በል ወርቁ፣ ውጣባት» አሉ አያ ዘውገ።

ወርቁ ጥቁሯ ላይ ወጣ። ሁለት እግሩ መሬቱን እኩል ረገጠ። «አያችሁ?» አሉ ሽማግሌው በኩራት፤ «ለእሱ የተሠራች ናት። ንዳት እስቲ!»

ወርቁ መሪውን ጨብጦ ተቀመጠ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ብዙ ቆየ።

«ንዳት እኮ ነው የምልህ።»

«አያ ዘውገ... እኔ መንዳት አልችልም።»

«አትችልም? ታዲያ ማን ነው የሚነዳት?»

ከዚህ በኋላማ ዝምታም ይነቅዛል። «እኔ ነኝ» አልሁ።

እማማ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። አያ ዘውገ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው ጠቆረ። ተሰድቤ ልሸኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«አታለላችሁኝ!» አሉ በበትራቸው መሬቱን እየመቱ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስመርጥ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ መርጬ አላውቅም! የማንን ክንድ ለካሁ? የማንን አጥንት ልሰብር ነበር? ይህች ልጅ በእኔ ምርጫ ገደል ብትገባ ፋርጣ ምን ይለኛል? ነፍሰ ገዳይ ልታደርጉኝ!»

እኔ የጠበቅሁት ሌላ ነበር። እማማም ሌላ ነው የጠበቁት። «አያ ዘውገ፣ እሱን ነው እንዴ የሚሉ? ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ...»

«ወለተጊዮርጊስ! እናትሽ አመተማርያም ከእብናት ድረስ በቅሎ ላይ ስትመጣ እግሯን አጣምራ ነበር?»

«እሷማ በበቅሎ ነው!»

«ይችስ? ቤንዚን መጠጣቷ ነው እንጂ ያው በቅሎ ናት።» ከድንጋዩ ተነሡና በትራቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ነይ ወዲህ። ክንድሽን ዘርጊ።»

ዘረጋሁ። ከብብቴ እስከ ጣቴ ጫፍ ለኩ፤ የወርቁን ምልክት አይተው ምራቃቸውን እንትፍ አሉና በታች በኩል አዲስ ምልክት ፋቁ። እማማ ጃንጥላቸውን ፊታቸው ላይ አወረዱ። አላይም ማለታቸው ነው፤ ግን በጃንጥላው ሥር ሲያዩ አይቻቸዋለሁ።

ጥቁሯ ላይ ስወጣ የእግሬ ጣቶች ብቻ ናቸው መሬት የነኩት። ማስነሻዋን ባለ በሌለ ክብደቴ ረገጥሁት፤ ምንም። ደግሜ ረገጥሁት፤ አሁንም ምንም። «ውረጂ» አሉ፤ ወረድሁ። ቀይዋ ላይ ወጣሁ። ትንሽ ትረዝመኛለች፤ ቢሆንም ረገጥ ሳደርጋት ተነሣች። ማርሽ አስገብቼ ለቀቅኋት።

ወይ ቀይዋ! ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ሻሼን ገፎ ወሰደው፤ ለሻሹም ግድ አልነበረኝም። መታጠፊያው ላይ ዞሬ ቁልቁል ስመለስ ብቻዬን ጮክ ብዬ እስቅ ነበር። ክሊኒኩንም፣ እብናትንም፣ ለምን እንደመጣሁም ረስቼዋለሁ። አጠገባቸው ስደርስ «ቀይዋን ነው! ቀይዋን ነው የምፈልገው!» አልሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ወደድሻት» አሉ አያ ዘውገ።

«ወደድኋት።»

«አየሁሽ። እንዲህ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም።» በበትራቸው መሬቱን ጠቆሙ። «ጣያት።»

«ምን አሉ?»

«መሬት ላይ አስተኚያት። ከዚያ ብቻሽን አንሻት።»

አድማሱ «ኧረ ቀለሟ!» ብሎ ጮኸ። «ሣር አንጥፍላት» አሉትና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ በቅሎ ተጭና ስትወድቅ ጭነቷን ታወርጅላታለሽ፣ ራሷ ትነሣለች። ይች አትነሣም። የጉናን ጭቃ አንች ታውቂዋለሽ። ወድቀሽ አላውቅም እንዳትይኝ፤ ትወድቂያለሽ። ያን ጊዜ ፀሐይ ጠልቃለች፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ማን ያነሣልሻል?»

ሣር ተነጠፈ፤ ቀይዋን አስተኛናት። መሪዋን ይዤ ሳብኋት፤ እስከ ጉልበቴ መጣችና ተመልሳ ወደቀች። አድማሱ «በጀርባሽ ተጠግተሽ በእግርሽ ግፊ» አለኝ፤ እንዳለኝ አደረግሁ። እስከ ወገቤ ድረስ መጣች። ጥርሴን ነክሼ፣ እግሬ ሣሩ ላይ እየተንሸራተተ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብትገፋ... ክንዴ ዛለ፤ ወደቀች። እንደገና። እንደገና ወደቀች። ወርቁ አላስችል ብሎት ሊያግዘኝ ብድግ ሲል ሽማግሌው በትራቸውን ደረቱ ላይ ጣል አደረጉ።

«አንተ ጉና ላይ አለህ?»

ወርቁ ቆመ። እኔ መሬት ላይ፣ ቀይዋ አጠገብ ተቀመጥሁና አለቀስሁ። ስለ ልጄ ነው ያለቀስሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ስለ ሞተሯ ነው። አንድ ነገር በሕይወቴ ለራሴ ደስታ ስመኝ ክንዴ አነሰ። ተናደድሁ፤ በሽማግሌውም፣ በክንዴም፣ በጉናም ተናደድሁ። ማንም አላባበለኝም፤ ያም ጥሩ ነው፤ ያባበለኝን እነክሰው ነበር።

ዓይኔን ስጠርግ የሺን አየኋት። ከአያቷ ጀርባ ላይ ሆና አንገቷን አስግጋ ታየኛለች፤ ሰርከስ የምታይ ይመስል፣ ሳታዝን ሳትደሰት። የማታውቂው ሰው ሲያለቅስ እንደዚያ ነው የምታዪው። ያን ጊዜ ተነሣሁ።

«ትንሿን አምጣት» አልሁት አድማሱን።

ትንሿ ላይ ስወጣ ሁለት እግሬ ሙሉ በሙሉ መሬት ረገጠ። በመጀመሪያው ረገጣ ተነሣች። ዳገቱ ላይ ታለከልካለች፣ ታጉረመርማለች፣ ሽማግሌ ዘመድ ይዘሽ የምትሄጂ ይመስልሻል፤ ግን አትቆምም። ተመልሼ ራሴ ሣሩ ላይ አስተኛኋትና «እህ!» ብዬ አነሣኋት። አንድ ጊዜ ብቻ።

አያ ዘውገ በትራቸውን ከመቀመጫዋ አጠገብ አቁመው አዲሱን ምልክት አዩ። ልክ ነው። ቢሆንም አልተዋጠላቸውም። «ጀርባዋ ግን ተልጧል» አሉ።

«ላስቲክ ነው፣ አያ ዘውገ!» አለ አድማሱ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

«ይሁን። እንግዲህ በእኔ ስም እንዳትናገሩ፤ ጀርባዋ የተላጠ መረጠ ይሉኛል።» ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «ውጪ ግቢ፣ ልጄ። ውጪ ግቢ።»

ቀይዋን አንድ የእህል ነጋዴ ገዛት። ከተማ ውስጥ ሳያት ዛሬም ዞር ብዬ አያታለሁ።

ሰኞ ማለዳ በትንሿ ሄድሁ። ከካፖርቴ ሥር የወርቁን ጋቢ ተጠቅልዬ፣ ገበሬው ሁሉ በሬውን አቁሞ እያየኝ። «ጉድ በል ያገሬ ሰው፣ ሴቷን እይ!» ያለኝም አለ፤ «አንተን እንዳልከትብህ!» አልሁት፤ ሳቀ። ማታ ክሊኒኩን ቆልፌ ስመለስ፣ ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ስደርስ ትንሿ ማለክለኳን ተወችና መንሸራተት ጀመረች። ቀስ ብላ ነው፤ ግን ነፋሱ ያው ነፋስ ነው፤ ፊቴን መታኝ። ብቻዬን ዘፈንሁ። ለዘፈን ድምፅ የለኝም፣ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የሚሰማኝ የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጃችን ደረስሁ። የሺ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ በሩ ጀርባ ተደብቃለች፤ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ካፖርቴን አወለቅሁ፣ አቧራዬን አራገፍሁ። ብዙ አየችኝ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው?» አለች።

«አይደለም፣ ሰኞ ነው።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ልተኛ» አልኋት። እራቷን ከአያቷ እጅ በላች፤ እኔም አልተጋፋሁ። እማማ ያደረ ቅሬታ ነበራቸው፤ ቢሆንም እግሬን እንድታጠብ ውኃ አሙቀውልኛል። ስንተኛ የሺ ከአያቷ መደብ ወረደችና ኩታዋን እየጎተተች መጥታ ከጎኔ ተኛች። አልነካችኝም፤ ድርቅ ብላ ጣሪያውን ታያለች።

«ፈንታነሽ።»

«ወይ።»

«ነገ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ማታ ግን እመጣለሁ» አልኋት።

ቀስ ብላ ተመለሰች። «ከነገ ወዲያስ?»

«እመጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እመጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ኧረ አስተኚያት ልጅቱን፤ ነገ መንገድ አለብሽ!» አሉ እማማ ከወዲያ።

የሺ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «ከዚያስ?» አለች፤ ድምፅዋ እየከበደ። እመጣለሁ አልኋት። እንቅልፍ ወስዷት ትንፋሿ ከረዘመ በኋላ እንኳ እኔ «እመጣለሁ» እያልሁ ነበር።